ጉርሻ በአሜሪካ፦ ስጦታ ነው ወይስ ደመወዝ?

«ጉርሻ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው በማዕድ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው እንጀራውን በወጥ ጠቅልሎ ለወዳጁ የሚያጎርሰው ነው። ሁለተኛው በምግብ ቤት፣ በቡና ቤት ወይም በሆቴል የተስተናገደ ሰው ከሒሳቡ በላይ ለአስተናጋጁ የሚተወው ገንዘብ ነው። ሁለቱ ትርጉሞች የሚገናኙበት ነጥብ አለ፤ ይኸውም ሰጪው በፈቃዱ የሚሰጠው፣ ባይሰጠውም ማንም የማይጠይቀው መሆኑ ነው። «መልሱን ያዘው» ብሎ የሚነሣ እንግዳ ይመሰገናል፤ መልሱን ቆጥሮ ወደ ኪሱ የሚከት እንግዳም አይወቀስም።

ይህንኑ ልማድ ይዞ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ግን ሳያውቀው የሌላውን ሰው ደመወዝ ይዞ ከምግብ ቤት ሊወጣ ይችላል። ከሥራ ባልደረቦቻችን መካከል በክረምቱ የዕረፍት ወራት ልጆቻቸውን ወይም ወንድምና እኅቶቻቸውን ለመጠየቅ፣ አለዚያም ለአጭር ሥልጠና ወደዚያ አገር የሚጓዙ ጥቂት አይደሉም። ተማሪዎቻችንም በእንግሊዝኛ መጻሕፍትና በፊልም ውስጥ ነገሩን ሲያገኙት ምንነቱን ይጠይቁናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአሜሪካ ጉርሻ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ለማን ምን ያህል እንደሚሰጥና ለማን እንደማይሰጥ ለማብራራት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉርሻ፣ ጉቦ፣ እጅ መንሻና ምርቃት

በመጀመሪያ የሚመሳሰሉትን ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። ጉቦ በስውር፣ ብዙውን ጊዜም ከሥራው በፊት፣ የማይገባን ነገር ለማግኘት የሚሰጥ ነው። እጅ መንሻ ከበታች ወደ በላይ የሚቀርብ ነው። ምርቃት ደግሞ ነጋዴው ለገዢው ከልኩ በላይ የሚጨምርለት ነው። የአሜሪካ ጉርሻ ከእነዚህ ከሦስቱም ይለያል። የሚሰጠው አገልግሎቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ በይፋ ነው፤ የሚሰጠውም ዝቅተኛ ደመወዝ ለሚከፈለው ሠራተኛ ነው። በደረሰኝ ላይ ይጻፋል፤ ሠራተኛው ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስታውቀዋል፤ በሕግም ስም ተሰጥቶት ከደመወዝ ጋር ተሳስሯል። የነገሩ ዋና ቁም ነገር ያለው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1938 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት በመላ አገሪቱ የሚሠራ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ሕግ አወጣ። ይሁን እንጂ የምግብ ቤትና የሆቴል ሠራተኞች በዚያን ጊዜ በሕጉ አልተካተቱም ነበር። በ1966 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ እነርሱን ሲጨምር፣ አሠሪዎች አንድ ልዩ መብት አብሮ ተሰጣቸው፤ ይኸውም ሠራተኛው ከእንግዶች የሚያገኘውን ጉርሻ እስከ ደመወዙ ወለል ግማሽ ድረስ ራሳቸው እንደከፈሉት አድርገው መቁጠር ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከደመወዙ አንዱ ክፍል ከአሠሪው ትከሻ ወርዶ በእንግዳው ትከሻ ላይ ዐረፈ ማለት ነው።

በ1991 ዓ.ም. የደመወዙ ወለል በሰዓት 4.25 ዶላር ሲሆን፣ የዚህ ግማሽ 2.13 ዶላር ለጉርሻ ተቀባዮች ተወሰነ። በ1996 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ሕግ ሁለቱን አለያያቸው። ከዚያ በኋላ አጠቃላዩ ወለል እያደገ በ2009 ዓ.ም. 7.25 ዶላር ሲደርስ፣ የጉርሻ ተቀባዮቹ ግን በዚያው በ2.13 ዶላር ላይ ቀረ። ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ ሁለቱም አኃዞች አልተለወጡም።

ነገሩን በስሌት ብናየው የበለጠ ይገለጻል። አንዲት አስተናጋጅ በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠራ አሠሪዋ የሚከፍላት 40 × 2.13 = 85.20 ዶላር ነው። በአጠቃላዩ ወለል መሠረት ልታገኝ የሚገባት ደግሞ 40 × 7.25 = 290 ዶላር ነው። ልዩነቱን፣ ማለት 204.80 ዶላሩን፣ እንግዶች ይሞሉታል ተብሎ ይታሰባል። ካልሞላ አሠሪው እንዲሞላ ሕጉ ያዛል። ሆኖም ወለሉ ራሱ ዝቅተኛ ስለሆነ ለቤት ኪራይና ለልጆች ማሳደጊያ የሚበቃው ገንዘብ የሚገኘው ከጉርሻው ነው። በዚህ ላይ በብዙ ምግብ ቤቶች አስተናጋጇ ካገኘችው ላይ ለመጠጥ ቀጂውና ለሳህን አንሺው ታካፍላለች። ድርሻቸው የሚታሰበው በሸጠችው ሒሳብ መጠን በሆነበት ቤት፣ አንድ እንግዳ ምንም ሳይተውላት ቢሄድ እርሱን በማስተናገዷ ከራሷ ኪስ ትከፍላለች ማለት ነው።

ክፍለ ሀገሮች ከዚህ የተሻለ ሕግ ማውጣት ይችላሉ። ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን፣ ኦሪገን፣ ኔቫዳ፣ ሞንታና፣ ሚኔሶታና አላስካ አሠሪው ሙሉውን የደመወዝ ወለል እንዲከፍልና ጉርሻው በዚያ ላይ ተጨማሪ እንዲሆን ወስነዋል። ይሁንና በእነዚህም ቦታዎች የመስጠቱ ልማድ አልቀረም። እንግዳው በየደረሰበት ሕግ ማገላበጥ ስለማይችል በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ደንብ መከተሉ ይሻለዋል።

ልማዱ ከየት መጣ?

ጉርሻ በመሠረቱ የአሜሪካ ልማድ አልነበረም። ከአውሮፓ፣ ከጌታና ከሎሌ ሥርዓት የመጣ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ አውሮፓን ጎብኝተው የተመለሱ ሀብታሞች ይዘውት ሲገቡ ብዙ አሜሪካውያን ተቃወሙት። «ሰው ሁሉ እኩል ነው በሚባልበት አገር አንዱ ሳንቲም ወርውሮ ሌላው ጎንበስ ብሎ የሚያነሣበት ምክንያት የለም» የሚል ነበር ክርክራቸው። በ1909 ዓ.ም. የዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ጉርሻን በሕግ ከለከለ፤ ሌሎች አምስት ክፍለ ሀገሮችም ተከተሉት። በ1916 ዓ.ም. ዊልያም ስኮት የተባለ ጸሐፊ ልማዱን የሚያወግዝ መጽሐፍ አሳትሞ «የሚያሳክክ መዳፍ» ብሎ ሰየመው። እኛም ዘንድ «መዳፌን በላኝ» ሲባል ገንዘብ ሊመጣ ነው ማለት ስለሆነ ርእሱ ለአንባቢያችን እንግዳ አይሆንም። ነገር ግን ክልከላዎቹ አልጸኑም፤ እስከ 1926 ዓ.ም. ድረስ ሁሉም ተሽረዋል።

ልማዱ ሥር የሰደደበት አንዱ ምክንያት የሚያስተዛዝብ ነው። በ1865 ዓ.ም. ባርነት ሲወገድ ነጻ የወጡት ጥቁሮች ሥራ ፈላጊዎች ሆኑ። በ1867 ዓ.ም. የተቋቋመው የጆርጅ ፑልማን ኩባንያ፣ መኝታ ባላቸው የባቡር ፉርጎዎቹ ውስጥ እንዲያገለግሉ እነዚህን ሰዎች በብዛት ቀጠረ። ደመወዛቸው እጅግ አነስተኛ ስለነበረ ኑሯቸው በተሳፋሪዎች ጉርሻ ላይ የተመሠረተ ነበር። ተሳፋሪዎችም ስማቸውን ከመጠየቅ ይልቅ በባለቤቱ ስም ሁሉንም «ጆርጅ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር፤ ይህም ባሪያ በጌታው ስም ይጠራበት የነበረውን ዘመን የሚያስታውስ ነው። ሠራተኞቹ በ1925 ዓ.ም. በፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቋሙ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት ትግል በኋላም በ1937 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር የሥራ ውል ተፈራረሙ። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ «ደመወዙን እንግዳው ይክፈል» የሚለው አሠራር ከእንግዳው ቸርነት ሳይሆን ከአሠሪው ቁጠባ የመጣ መሆኑን ነው።

ለማን ምን ያህል ይሰጣል?

ሀ/ በምግብ ቤት። አስተናጋጅ ወደ ጠረጴዛ መጥቶ በሚያስተናግድበት ቤት ሁሉ ከሒሳቡ ከመቶ 15 እስከ 20 እጅ ይሰጣል። በትልልቅ ከተሞች ከመቶ 18 እስከ 20 እጅ የተለመደ ሆኗል። እንግዳው ራሱ እያነሣ በሚበላበት ቤት፣ መጠጥ የሚያመጣለትና ሳህን የሚያነሣለት ሰው ካለ ከመቶ 10 እጅ ያህል ይበቃል።

በምግብ ዝርዝር ላይ የሚታየው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በአብዛኛዎቹ ክፍለ ሀገሮች በላዩ ላይ የሽያጭ ታክስ ይጨመራል፤ ጉርሻውም የሚታሰበው ከታክሱ በፊት ባለው ድምር ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል በኒው ዮርክ ከተማ የ60 ዶላር ምግብ ብንበላ፣ ታክሱ ከመቶ 8.875 እጅ ስለሆነ 5.33 ዶላር ይሆናል። ከመቶ 20 እጅ ጉርሻ 12 ዶላር ነው። የምንከፍለው ጠቅላላ ገንዘብ 77.33 ዶላር ይደርሳል። በሐሳብ ለማስላት ቀላሉ መንገድ ነጥቡን አንድ ቤት ወደ ግራ አዛውሮ ከመቶ 10 እጁን ማግኘት፣ ከዚያም በሁለት ማባዛት ነው። ከመቶ 15 እጅ የሚፈልግ ደግሞ በ10 እጁ ላይ የዚያኑ ግማሽ ይጨምራል፤ 6 እና 3፣ 9 ዶላር ይሆናል። በዚያች ከተማ ታክሱን በሁለት አባዝቶ መስጠትም የታወቀ ዘዴ ነው።

በካርድ የሚከፍል ሰው በመጀመሪያ ካርዱን ይሰጣል። አስተናጋጁ ደረሰኝና ብዕር ይዞለት ይመለሳል። ደረሰኙ ላይ ከሒሳቡ በታች ሁለት ባዶ መሥመሮች አሉ፤ በአንደኛው ጉርሻው፣ በሁለተኛው ጠቅላላ ድምሩ ይጻፋል፤ ከዚያም ይፈረማል። ጉርሻውን በጥሬ ገንዘብ መተው የሚፈልግ ሰው የጉርሻውን መሥመር በሰረዝ ዘግቶ ድምሩን መጻፍ አለበት።

ለ/ በመጠጥ ቤት። ለእያንዳንዱ መጠጥ 1 ወይም 2 ዶላር፣ አለዚያም ከጠቅላላው ሒሳብ ከመቶ 15 እስከ 20 እጅ ይሰጣል።

ሐ/ በሆቴል። ሻንጣ ለሚሸከም በአንድ ሻንጣ 1 ወይም 2 ዶላር፤ መኪና አቁሞ ለሚያመጣ ከ2 እስከ 5 ዶላር ይሰጣል። አልጋ አንጣፊዋ ብዙውን ጊዜ ስለማትታይ ትረሳለች፤ ለእርሷ በየቀኑ ከ2 እስከ 5 ዶላር መተው ተገቢ ነው። ክፍሉን የምታጸዳው ሠራተኛ ከቀን ቀን ልትለወጥ ስለምትችል የሁሉንም ቀን በመጨረሻው ዕለት ከመተው ይልቅ በየጠዋቱ መተው ይሻላል። ገንዘቡ እንግዳው የረሳው እንዳይመስል «ለጽዳት ሠራተኛዋ፤ እናመሰግናለን» የሚል ቁራጭ ወረቀት በእንግሊዝኛ ጽፎ አብሮ ማስቀመጥ ጥሩ ነው።

መ/ በመጓጓዣ። ለታክሲ ነጂ ከሒሳቡ ከመቶ 15 እስከ 20 እጅ ይሰጣል። ከአውሮፕላን ጣቢያ ወደ ሆቴል በነጻ ለሚያመላልሰው መኪና ነጂ፣ ሻንጣ ካወረደ በሻንጣ 1 ወይም 2 ዶላር ይበቃል።

ሠ/ ለጸጉር አስተካካይ ከመቶ 15 እስከ 20 እጅ ይሰጣል።

የሚሰጠው ገንዘብ ዶላር መሆን አለበት። ለማስታወሻ ይሁን ተብሎ ብር ወይም ሽልንግ ቢተውለት ሠራተኛው ሊመነዝረው አይችልም። ስለዚህ ከአውሮፕላን እንደወረዱ ጥቂት የአንድና የአምስት ዶላር ኖቶች መዘርዘር ይጠቅማል።

ሒሳቡን ሳያነቡ አለመክፈል

ስድስት፣ ስምንት ወይም ከዚያ በላይ ሆነው ለሚመገቡ ሰዎች ብዙ ምግብ ቤቶች ከመቶ 18 ወይም 20 እጅ ራሳቸው ሒሳቡ ላይ ይጨምራሉ። በደረሰኙ ላይ «ግራቹዊቲ» ወይም «ሰርቪስ ቻርጅ» የሚል ቃል ካለ ጉርሻው ተከፍሏል ማለት ሊሆን ስለሚችል ሁለት ጊዜ እንዳንከፍል ማንበብ ያስፈልጋል። በሁለቱ መካከል የሕግ ልዩነትም አለ። እንግዳው በፈቃዱ የሚተወው ጉርሻ የሠራተኛው ንብረት ነው፤ በ2018 ዓ.ም. የወጣ ሕግ አሠሪውም ሆነ ሥራ አስኪያጁ ከዚያ ላይ እንዳይወስዱ ይከለክላል። በግዴታ የሚጨመር የአገልግሎት ክፍያ ግን በፌደራሉ ሕግ የቤቱ ገቢ ነው። ስለዚህ «ይህ ገንዘብ ለአስተናጋጆቹ ይደርሳል?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም።

ይህ ጉዳይ በተለይ የብዙ ወገኖቻችን መኖሪያ በሆነችው በዋሽንግተን ዲሲ ያጋጥማል። በ2018 ዓ.ም. የከተማዋ መራጮች የጉርሻ ተቀባዮች ደመወዝ ከአጠቃላዩ ወለል ጋር እንዲስተካከል ድምፅ ሰጡ፤ የከተማዋ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሻረው። በ2022 ዓ.ም. መራጮቹ በድጋሚ አጸደቁት፤ በ2025 ዓ.ም. ምክር ቤቱ እንደገና አሻሽሎ አለዘበው። በዚህ መካከል በርከት ያሉ ምግብ ቤቶች የአገልግሎት ክፍያ መጨመር ጀምረዋል።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ማንሣት እንወዳለን። በዚያች ከተማ በሚገኝ የሐበሻ ምግብ ቤት የምታስተናግደን ልጅ በቋንቋችን «እንደምን ዋሉ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ እትዬ» ብላ ስትቀበለን በአገራችን ያለን ይመስለናል። ነገር ግን ደመወዟን የሚወስነው የዚያ አገር ሕግ፣ የቤት ኪራይዋንም የሚጠይቃት የዚያ አገር አከራይ ነው። የአገር ልጅ መሆኗ ጉርሻዋን የሚያስቀርባት ምክንያት ሊሆን አይገባም። ዘመድ ጋብዞን ሒሳቡን ሲከፍል ደግሞ «ጉርሻውን እንኳ እኛ እንክፈል» ማለት መልካም ጠባይ ነው፤ እሺ ባይል እንኳ ነገሩን ማወቃችንን ይረዳል።

ለማን አይሰጥም?

ለፖሊስ፣ ለኢሚግሬሽንና ለጉምሩክ ሠራተኛ፣ ለማንኛውም የመንግሥት ባለሥልጣን ገንዘብ መስጠት ጉቦ ሆኖ ሊያስከስስ ይችላል። ለሐኪም፣ ለአስታማሚ፣ ለመምህርና ለብሔራዊ ፓርክ ጠባቂ አይሰጥም። ለአውሮፕላን አስተናጋጆችም እንዲሁ። በሱቅ ገንዘብ ተቀባይና ቆመው ተቀብለው በሚሄዱበት ፈጣን ምግብ ቤት ግዴታ የለም።

በቅርብ ዓመታት በቡናና በዳቦ መሸጫዎች የክፍያ መሣሪያው መስታወት ላይ «18፣ 20፣ 25» የሚሉ አኃዞች እየወጡ ገዢውን ያስጨንቁታል። ሻጩ ቡናውን ቀድቶ ከማቀበል በስተቀር ሌላ አገልግሎት ካልሰጠ ምንም አለመስጠት አያስነውርም፤ ይህን የሚገልጸውም ምልክት በዚያው መስታወት ላይ ይገኛል። የፈለገ አንድ ዶላር ይጨምራል፤ ያልፈለገ ይተወዋል። ይህ በእርግጥ በእኛ ቋንቋ ጉርሻ የምንለው ነው።

አገልግሎቱ መጥፎ ቢሆንስ?

ምግብ ሲዘገይ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የወጥ ቤቱ እንጂ የአስተናጋጁ አይደለም። ቅር የተሰኘ እንግዳ ሥራ አስኪያጁን ጠርቶ ቢናገር ነገሩ ይታረማል፤ ምንም ሳይተው ቢወጣ ግን ስህተቱ ይታረም ዘንድ አልተናገረም፣ ሠራተኛውም ምን እንዳጠፋ አላወቀም። የጠባይ ብልሹነት ከታየ ወደ ከመቶ 10 እጅ ዝቅ ማድረግ መልእክቱን ያደርሳል። ጉርሻ አገልግሎትን ያሻሽላል የሚለው እምነትም ቢሆን የሚታሰበውን ያህል ጽኑ አይደለም፤ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነገሩን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ማይክል ሊን በአገልግሎቱ ጥራትና በጉርሻው መጠን መካከል ያለው ግንኙነት ደካማ መሆኑን አሳይተዋል።

አሠራሩ ፍትሐዊ ነው ወይ?

በአሜሪካኖችም ዘንድ ክርክሩ አላበቃም። ተቃዋሚዎቹ የሰው እንጀራ በማያውቀው እንግዳ ስሜት ላይ መንጠልጠል የለበትም ይላሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ፣ ከእነርሱም መካከል ብዙ አስተናጋጆች፣ ገበያ ባለበት ቤት ከጉርሻ የሚገኘው ከቁርጥ ደመወዝ ይበልጣል ይላሉ። በ2015 ዓ.ም. ታዋቂው የኒው ዮርክ ምግብ ቤት ባለቤት ዳኒ ማየር ጉርሻን ከቤቶቹ አስወግዶ በዋጋው ውስጥ ለማካተት ሞክሮ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም. ግን ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ዋጋው ከጎረቤቱ የበለጠ ሆኖ የሚታየው ምግብ ቤት ብቻውን መዝለቅ አስቸጋሪ ነው። በ2025 ዓ.ም. የወጣ ሕግም ከ2025 እስከ 2028 ላሉት ዓመታት እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ የጉርሻ ገቢ ከፌደራል የገቢ ግብር እንዲቀነስ ፈቅዷል፤ ደመወዙን ማን ይክፈል የሚለውን ጥያቄ ግን አልነካውም።

እኛ አሠራሩን ባንወደውም፣ ሕጉን የምናርመው በአስተናጋጇ ጠረጴዛ ላይ አይደለም። ጉርሻውን ብናስቀር አሠሪውም ሕግ አውጪውም አይሰማቸውም፤ የሚሰማት እርሷን ብቻ ነው።

ለክፍልና ለጉዞ

ይህ ርእስ ለሒሳብ መምህራን የመቶኛ ስሌትን ከኑሮ ጋር የሚያገናኝ መልመጃ፣ ለእንግሊዝኛና ለኅብረተሰብ ትምህርት መምህራን ደግሞ የክርክር ርእስ ይሆናል። ተማሪዎች የሚከተለውን እንዲያሰሉ ማድረግ ይቻላል፦ «አንድ መንገደኛ በአሜሪካ 6 ሌሊት በሆቴል ያድራል፤ ለአልጋ አንጣፊዋ በቀን 3 ዶላር፣ ለሁለት ሻንጣ 4 ዶላር ይሰጣል። የ50 ዶላር የታክሲ ጉዞና እያንዳንዳቸው 25 ዶላር የሆኑ 5 ምግቦች ላይ ከመቶ 18 እጅ ጉርሻ ይከፍላል። ጠቅላላ ጉርሻው ስንት ነው?» መልሱ 18 + 4 + 9 + 22.50 = 53.50 ዶላር ነው።

ይህን ያህል ገንዘብ ለእኛ ለመምህራን ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት ከትኬቱና ከመኝታው ጎን በበጀታችን ውስጥ ልናስገባው ይገባል። አቅም ያጠረው ሰው ራሱ ተቀብሎ በሚበላበት ቤት መመገብ ይችላል፤ ይህ የሚያሳፍር አይደለም። አስተናጋጅ ባለበት ጠረጴዛ ከተቀመጥን ግን ከዝርዝሩ ዋጋ ላይ ቢያንስ ስድስት አንድ እጁን ጨምረን ዋጋው ይህ ነው ብለን መቀመጥ ይኖርብናል።